አካውንት የሚያስጠልፉ ስህተቶች

አካውንቱ የተጠለፈበት ሰው መጀመሪያ የሚለው «ፓስወርዴን እንዴት ገመቱት?» ነው። ብዙ ጊዜ ማንም አልገመተም። ፓስወርዱ ሌላ ቦታ ሾልኮ ነው የመጣው።

አንድ ፓስወርድ ለሁሉም

የስህተቶች ሁሉ አውራ ይሄ ነው። በ2012 ሊንክድኢን ሲጠለፍ ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ፓስወርዶች ሾለኩ ተባለ። በ2016 ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ አካውንቶች መረጃ ለገበያ ወጣ። አራት ዓመት ሙሉ ዝርዝሩ ሌቦች እጅ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር የያዘ ሌባ ቁጭ ብሎ አይገምትም። ኢሜይሉንና ፓስወርዱን ለፕሮግራም ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙ በሌሎች ድረ ገጾች ላይ አንድ በአንድ ይሞክርለታል። ድሮ ለአንድ ጌም ከፍታችሁ የረሳችሁት አካውንት ዛሬ ዋናውን በር ሊከፍት ይችላል።

እኔ ራሴ ለዓመታት መጨረሻ ላይ ያለችውን ቁጥር ብቻ እየቀየርኩ «የተለያየ ነው» እል ነበር። ሌቦቹም ይህን ዘዴ ያውቁታል፤ ፕሮግራማቸው ቁጥሯንም ይቀያይራል።

መፍትሔው እንደ ቢትዋርደን ወይም ኪፓስ ያለ የፓስወርድ ማስቀመጫ ነው። ለየአካውንቱ የተለየ ፓስወርድ ይፈጥራል፤ እናንተ የምታስታውሱት አንድ ብቻ ነው። «ሁሉንም አንድ ቦታ?» የሚለው ስጋት ያለ ነገር ነው፤ አንዱን ፓስወርድ መቶ ቦታ ከመበተን ግን ይሻላል። ደግሞ አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለው። በማሰሻችሁ ላይ ሲሠራ የድረ ገጹን አድራሻ ያያል። አንድ ፊደል የተቀየረበት አስመሳይ ገጽ ላይ ፓስወርዱን አይሞላላችሁም። እናንተን የሸወደው ገጽ እሱን አይሸውደውም።

አጭር ግን «ውስብስብ»

‹ኤ›ን በ@፣ ‹ኦ›ን በ0 መተካት የትኛውም ፕሮግራም አስቀድሞ የሚሞክረው ነው። ስምንት ትንንሽ የላቲን ፊደላት ወደ 209 ቢሊዮን አማራጭ ይሰጣሉ። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ፓስወርዱ በደካማ ዘዴ ተቀምጦ ከሾለከ አንድ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰዋል። የሚያዋጣው ርዝመት ነው። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ቃላት፦ ጃንጥላ፣ ሰኞ፣ ቆርቆሮ፣ ጭልፊት፣ መሰላል። (ይህን እንዳትወስዱት፤ እዚህ ተጽፏል።) ቃላቱን በዕጣ ምረጡ እንጂ ከምትወዱት ዘፈን አትቅዱ።

በየሦስት ወሩ ማስቀየር

ይህ ለአድሚኖች፣ ማለትም የመሥሪያ ቤት ሲስተም ለሚያስተዳድሩ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የሆነው ኒስት በ2017 መመሪያው ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርን እንዲተዉ መክሯል። ሰው ተገድዶ ሲቀይር 1ን 2 ያደርጋል፤ ሌላ ለውጥ የለም። መሹለኩ ሲታወቅ ግን ወዲያው ማስቀየር ነው።

ኢሜይልን ችላ ማለት

«ፓስወርድ ረሳሁ» ስትሉ ሊንኩ የሚላከው የት ነው? ኢሜይላችሁ ላይ። እሱን የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ ይከፍታል። ስለዚህ ከሁሉ የጠነከረው ፓስወርድ የእሱ ይሁን።

ተጠልፎባችሁ ካስመለሳችሁት ደግሞ ፓስወርድ ቀይራችሁ አትሂዱ። ሴቲንግ ውስጥ ግቡና መልእክቶችን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ እንዳለ እዩ። ጠላፊዎች ይህን ትተው መሄድ ይወዳሉ። ፓስወርዱ ተቀይሮም ደብዳቤዎቻችሁ ይደርሷቸዋል። የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥሩንም አረጋግጡ፤ ከዚያ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጡ።

ኮዱን ለሰው መንገር

ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩ። በኤስኤምኤስ የሚመጣው ከምንም ይሻላል፤ ግን ሌባው ቁጥራችሁን ወደ ራሱ ሲም ካርድ ካዛወረ ኮዱም ለእሱ ይሄዳል። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ኮድ የሚያወጣ መተግበሪያ ከዚህ ይልቃል። ሆኖም «ከድርጅቱ ነው የምደውለው፣ የደረሰህን ቁጥር ንገረኝ» ላለ ሰው ከነገራችሁት የትኛውም አይጠቅምም።

ፓስወርድን እንዳለ ማስቀመጥ

ይህኛው የሲስተም ሠሪዎች ጥፋት ነው። በ2009 ሮክዩ የተባለ ኩባንያ ሲጠለፍ 32 ሚሊዮን ፓስወርዶች በሚነበብ ጽሑፍ ተቀምጠው ተገኙ። በብዛት የተደጋገመው 123456 ነበር። ሠሪ ከሆናችሁ ፓስወርድን ወደማይነበብ ቅርጽ ቀይረው የሚያስቀምጡትን ቢክሪፕትን ወይም አርጎን2ን ተጠቀሙ፤ የራሳችሁን ዘዴ አትፈልስፉ።

ተጠቃሚ ከሆናችሁ ደግሞ ምልክቱ ቀላል ነው። «ረሳሁ» ስትሉ አዲስ ማስቀየሪያ ሊንክ ሳይሆን የድሮውን ፓስወርዳችሁን ራሱን በኢሜይል ከላከላችሁ፣ ድረ ገጹ ሊያነበው ይችላል ማለት ነው። ያንን ፓስወርድ ሌላ ቦታም ተጠቅማችሁበት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት።