ለገልፍ ሥራ በኦንላይን የምታመለክቱ ሐኪሞች፣ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ገልፍ መሥራት የሚፈልግ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ከማስታወቂያ ይጀምራል። ሊንክድኢን ላይ «ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ይፈለጋል፣ ዱባይ» የሚል ያያል፣ ሲቪውን ይልካል፣ ይጠብቃል። መልስ የለም። ሲቪው መጥፎ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ማስታወቂያው ግርጌ ላይ «የዲኤችኤ ኤሊጂቢሊቲ ያለው» የምትል መስመር አለች፣ የዱባይ ጤና ባለሥልጣን ለላይሰንስ ብቁ ነው ያለው ሰው ማለት ነው፤ ሰው ደሞዙን ያይና እሷን ይዘላታል። ቀጣሪው የሚመርጠው ዳታፍሎው (የሰነድ ማረጋገጫው) ያለቀለትንና የላይሰንስ ፈተናውን ያለፈን ሰው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ «አፕላይ» የምትለዋን ከመጫናችሁ በፊት የሚሠሩ ናቸው።

የኢትዮጵያ ቀን እንዳለ መላክ

ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ወራት ይበላል። ዳታፍሎው ዲግሪያችሁን፣ ላይሰንሳችሁንና የሥራ ልምዳችሁን ከሰጣችሁ ተቋም ጋር በቀጥታ ተጻጽፎ የሚያረጋግጥ ድርጅት ነው። ዲግሪያችሁ 2019 ይላል እንበል፣ በፈረንጅ። የሆስፒታሉ ደብዳቤ ደግሞ «ከጥቅምት 2012 ጀምሮ በጠቅላላ ሐኪምነት» ይላል። ለእኛ ግልጽ ነው፣ ተመርቆ በወራት ውስጥ ሥራ ገባ። ፋይሉን ለሚያየው ሰው ግን ከመመረቁ 7 ዓመት በፊት በሽተኛ ሲያክም የነበረ ሐኪም ነው! ደብዳቤውን ስታጽፉ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ቀኑ በፈረንጅ ይሁን፣ የጀመራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ የሥራ መደባችሁ፣ የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ መሆናችሁ በግልጽ ይጻፍበት። እግረ መንገዳችሁን ደብዳቤው ላይ ያለውን ኢሜይል ማን እንደሚከፍተው ጠይቁ፤ ማረጋገጫ የሚጠይቀው መልእክት ማንም የማያየው ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ፋይሉ ሊቆም ይችላል። የሰው ሀብት ክፍሉ ጋ ደውሎ «ጥያቄ ይመጣላችኋል፣ አደራ መልሱልኝ» ማለት አያሳፍርም።

ስምም እንደዚሁ ነው። ኃይለማርያም ፓስፖርት ላይ በአንድ ቃል፣ ዲግሪ ላይ በሁለት ይጻፋል። አንዱ ሰነድ የአያት ስም አለው፣ ሌላው የለውም። ሁሉም ፓስፖርቱን ይከተል። የማይስተካከል ካለ፣ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰጪው ተቋም ቀድማችሁ ያዙ።

አካውንቱን ለኤጀንት አሳልፎ መስጠት

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። «አንተ ሥራህ ላይ ነህ፣ እኛ እንጨርስልሃለን» ይሉና ዳታፍሎውን ወይም የሳዑዲውን የጤና ባለሙያዎች መመዝገቢያ ድረ ገጽ ሙማሪስ ፕላስን በራሳቸው ኢሜይል፣ በራሳቸው ፓስወርድ ይከፍቱታል። ከዚያ ሪፖርቱ ሲወጣ የሚደርሰው ለእነሱ ነው። ሌላ ቀጣሪ ብታገኙ ወይም ሪፖርቱን ወደ ሌላ አገር ተቆጣጣሪ ማዘዋወር ብትፈልጉ እነሱን ደጅ ልትጠኑ ነው። ፎርሙን መሙላት አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም፤ ሜዲካል ስኩል የጨረሰ ሰው አያቅተውም። ኢሜይሉ የእናንተ፣ ስልኩ የእናንተ፣ ክፍያው በእናንተ ስም።

ክፍያ ካነሳን፣ የዳታፍሎው፣ የፈተናውና የላይሰንሱ ወጪ እውነተኛ ወጪ ነው፤ ግን የሚከፈለው በድረ ገጹ ለራሱ ለተቋሙ ነው። «ቦታ ማስያዣ» ወይም «የቅጥር ኮሚሽን» የሚባል ነገር በዋትስአፕ ከተጠየቃችሁ እዚያው አቁሙ። የኤምሬትስ የሠራተኛ ሕግ (የ2021 ቁጥር 33) አሠሪው የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው ላይ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንዳያስከፍል ይከለክላል።

አንድ ላይሰንስ ለሁሉም ይሠራል ብሎ ማሰብ

ዱባይ የራሷ ተቆጣጣሪ አላት፣ አቡዳቢም የራሷ፣ ሌሎቹ ደግሞ በፌደራሉ ጤና ሚኒስቴር ሥር ናቸው። ማስታወቂያው የትኛውን እንደሚል እዩ። ሳዑዲ ደግሞ «ሬዚደንት» ተብሎ የሚወጣ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ለጂፒ ነው፣ ስፔሻሊቲ ትምህርት አይደለም። ይሄን ሳያውቁ «ሰርጀሪ ሬዚደንሲ አገኘሁ» ብሎ ቤተሰብ ሰብስቦ የሚያስመርቅ አይጠፋም።

ከላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ማየት

መነሻ ደሞዙ ስንት ነው፣ ኮሚሽኑ ስንት ነው? አንዳንድ የግል ክሊኒክ መነሻውን ዝቅ አድርጎ ቀሪውን በበሽተኛ ብዛት ያሰላዋል፤ በሽተኛ ከሌለ ገንዘብ የለም። ቤት ማን ይከፍላል፣ የቤተሰብ ቪዛ አለ ወይ፣ ውሉ ሳያልቅ ብትለቁ ቅጣቱ ምንድነው? ከእነዚህ አንዱን ስትጠይቁ የሚቆጣ ሪክሩተር ካጋጠማችሁ ደግሞ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

«እንግሊዝ የኢትዮጵያ ሐኪሞችን እየመለመለች ነው» የሚለውን ማመን

ቴሌግራም ላይ ይዞራል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው፣ የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለች፤ የእንግሊዝ መመሪያ ደግሞ ከእነዚህ አገሮች በዘመቻ መመልመልን ይከለክላል። እናንተ በራሳችሁ ኤንኤችኤስ ጆብስ (የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት የሥራ ድረ ገጽ) ላይ ገብታችሁ ማመልከት ትችላላችሁ፣ ችግር የለውም። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ጠርቶ «ኮታ አለን» የሚላችሁን ግን በጥርጣሬ እዩት።

አሜሪካን ባጭሩ ልለፈው፦ «ሆስፒታሊስት» (ሆስፒታል የተኙ በሽተኞችን የሚያክም ሐኪም) እያለ ያንን ሁሉ ዶላር የሚያሳያችሁ ማስታወቂያ እዚያው ሬዚደንሲ ለጨረሰ ሰው ነው። የእናንተ በር ዩኤስኤምኤልኢ (የአሜሪካ የሐኪሞች ላይሰንስ ፈተና) እና ማች (የሬዚደንሲ ምደባው) ነው።

ኦፈር ሌተር ሲመጣ ሥራ መልቀቅ

ኦፈሩ ላይሰንስና ቪዛ እስኪያልቅ በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ነው። ጂፒ ሆናችሁ የመንግሥት የአገልግሎት ግዴታና ኮስት ሼሪንግ ካለባችሁ ኦሪጅናል ዲግሪውን ለማውጣትም ጊዜ ይፈጃል፣ ክሊራንሱን ቀድማችሁ ጀምሩት። እቤት ቁጭ ብላችሁ የምትጠብቁት ጊዜ ደግሞ የሥራ ክፍተት ሆኖ ይቆጠርባችኋል። ጉድ ስታንዲንጉን (በሙያችሁ እገዳ እንደሌለባችሁ ተቆጣጣሪው የሚመሰክርበትን ደብዳቤ) ግን አትቸኩሉበት፤ ጊዜው ያልፋል። ለምሳሌ የእንግሊዙ የሐኪሞች ተቆጣጣሪ ጂኤምሲ ከ3 ወር በላይ የቆየ አይቀበልም። ሌላው ሰነድ ሁሉ ሲሟላ መጨረሻ ላይ አውጡት።