በጁገል ውስጥ የቤትን ውጪ ለማደስ ሲያስፈቅዱ የሚሠሩ ስህተቶች

በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ ሐረር ጁገል፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ የሆነ ቤት ከመነካቱ በፊት እንዲፈቀድ ያዛል። ይህን የማያውቅ የግንቡ ነዋሪ ጥቂት ነው፤ ሰው የሚሳሳተው አጠያየቁ ላይ ነው።

ጀምሮ ማስፈቀድ። «ልስን ብቻ ነው፣ ማን ያየዋል» ብለው የሚጀምሩ አሉ። ሥራው ሲታገድ አሸዋው ጠባቡ መንገድ ላይ ተቆልሎ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን አሮጌው ልስን ከተነሳ በኋላ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ለባለሙያ ማሳየት አለመቻሉ ነው። መዶሻ ከማንሳትዎ በፊት በሁሉም በኩል ፎቶ ያንሱ።

«ለጥገና» ብቻ ብሎ ማመልከት። የትኛው ግድግዳ? በምን ዕቃ? በምን ቀለም? ይጻፉት፣ ፎቶውንም ያያይዙ።

ሲሚንቶ። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። የድሮው የሐረሪ ቤት ግድግዳ ድንጋዩ በጭቃ ተያይዞ የተገነባ፣ በኖራ የተቀባ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ መልሶ ያወጣል። በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይታፈናል፤ ጭቃው ይላላል፣ ግድግዳው ያብጣል፣ ልስኑም እየተገነጠለ ይወድቃል። ባለቤቱ ያጠነከረ መስሎት ቤቱን ይጎዳል። ስለዚህ ሲሚንቶ ሲከለከሉ ከመከራከር፣ ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ አስቀድመው ይፈልጉና የዕቃውን ዝርዝር ከማመልከቻው ጋር ያስገቡ።

የድሮውን በር ነቅሎ በላሜራ መተካት። ምስጥ የበላው የታችኛውን ጠርዝ ብቻ ከሆነ፣ ጠርዙን ብቻ ለመቀየር ይጠይቁ። የህንድ ነጋዴዎች ባሠሯቸው ቤቶች ላይ ያለው የእንጨት በረንዳም እንዲሁ ነው። ባለሙያ ሳያየው ምንም አይሽጡ፣ ምንም አይጣሉ።

ጎረቤትን መዝለል። የጁገል ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ፤ እርስዎ ያዞሩት አሸንዳ የጎረቤትዎን ግድግዳ ያርሳል። ቤታቸው ሄደው ያነጋግሯቸው፤ ካስፈለገም ሁለታችሁም የምታከብሩት የአፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) ሽማግሌ ይኑር። ስምምነታችሁን በጽሑፍ ያድርጉት።

ሮቶና ዲሽ ጣሪያ ላይ መስቀል። ጠፍጣፋው የአፈር ጣሪያ ሙሉ ሮቶ እንዲሸከም አልተሠራም። ሮቶው ግቢ ውስጥ ይቀመጥ፣ ዲሹም ከመንገድ በማይታይበት በኩል ይሁን።

በቃል «እሺ» ላይ መተማመን። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይያዙ፤ አንድ ቅጂ ግንበኛው ጋ ይሁን። መሐል ላይ ሐሳብዎን ከቀየሩ ሥራውን አቁመው ለውጡን ደግመው ያስፈቅዱ።