ማውስ ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ሄድፎን ውስጥ ይሰማ የነበረው ጥዝዝታ እንዴት ጠፋ

ዴስክቶፔ ላይ በዩኤስቢ የተሰካ ዳክ (የኮምፒውተሩን ዲጂታል ድምፅ ወደ ሄድፎን ሲግናል የሚቀይር፣ አምፕ ማለትም ማጉያም ያለው ሳጥን) አለኝ፣ ከኋላው ስፒከርም ተያይዟል፣ እና በ3.5 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ ሄድፎን ስሰካ ማውስ በነካሁ ቁጥር ጥዝዝዝ የሚል ነገር፣ ከስሩ ደግሞ የመብራቱ 50 ሄርዝ እምምም። ሰው ሁሉ ባላንስድ ተጠቀም ይጠፋል ይላል፤ ባለ 4.4 ሚሊሜትሩን ባላንስድ ቀዳዳ ሞከርኩት፣ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተራው ጃክ ግራና ቀኝ መመለሻቸው አንድ ነው፣ ግራውንዱ፣ ስለዚህ እዛ ሽቦ ላይ የሚሄድ ረባሽ ከረንት ጆሮ ድረስ ሊመጣ ይችላል። ባላንስዱ ላይ ግን እያንዳንዱ ጆሮ የራሱ ፕላስና ማይነስ አለው፣ ሁለቱንም አምፑ ነው የሚነዳቸው፣ ግራውንዱ ሄድፎኑን አይነካም። አሪፍ ነው፣ ግን ረብሻው አምፑ ጋ ሳይደርስ ሲግናሉ ውስጥ ከገባ ባላንስድ ምንም አያመጣም፣ ከዘፈኑ ጋር አብሮ አጉልቶ ነው የሚያወጣላችሁ።

የኔ ችግር ግራውንድ ሉፕ (ዕቃዎች ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ በግራውንድ ሲገናኙ የሚፈጠር የከረንት ቀለበት) ነበር፤ ኮምፒውተሩም ስፒከሩም ባለ ሶስት እግር ፕላግ ናቸው፣ በዩኤስቢና በአርሲኤ (የስፒከሩ የድምፅ ኬብል) ደግሞ በዳኩ በኩል ተገናኝተዋል። የስፒከሩን አርሲኤ ስነቅል እምምታው ጠፋ፣ ጥዝዝታው ግን አለ። ከዛ ዩኤስቢውን ነቅዬ ከማዘርቦርዱ በኦፕቲካል ኬብል አገናኘሁት (ዳኩ የራሱ የመብራት አዳፕተር ስላለው ይሰራል)፣ ኦፕቲካል ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ጭጭ አለ። ስፒከሩንም መልሼ ሰክቼዋለሁ።

የፕላጉን የመሬት እግር ቁረጡ የሚላችሁን እንዳትሰሙ፣ ይገድላል። የባላንስዱን ቀዳዳ ወደ 3.5 የሚቀይር አዳፕተርም አትሰኩ፣ ሁለቱን ማይነስ ሾርት አድርጎ አምፑን ሊያቃጥል ይችላል።