የእንግሊዝ መኳንንት የዘር ሐረግ ሲጣረስ፦ ችግርና መፍትሄ በደ ክሌር ቤተሰብ ምሳሌነት

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የመኳንንት ትውልድ የተመዘገበው ለክብር ብቻ አልነበረም። ዋናው ምክንያት፣ እንደ አገራችን የርስት ሙግት፣ መሬቱ ለማን ይተላለፋል የሚለው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሐረጉ አልገጥም ሲላችሁ ስሙን ትታችሁ መሬቱን ተከተሉ። ምሳሌያችን የሄርትፎርድና የግሎስተር ኧርሎች (ኧርል ከፍተኛ የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ ነው) የነበሩት ደ ክሌሮች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ሁለት ቦታ ላይ ይገኛል፣ ወይም ከሞተ በኋላ ምስክር ሆኖ ይቆማል

ይህ ሲሆን ሁለት ሞክሼዎችን አንድ አድርጋችኋል ማለት ነው። በዘመኑ ስሞች ላይ የሚገባው «ፊትዝ» የሚለው ቅጥያ «የእገሌ ልጅ» ከማለት አያልፍም፤ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። በዚህ ቤት ደግሞ ጊልበርትና ሪቻርድ እየተፈራረቁ ይሰየማሉ። በ1140ዎቹ ሁለት ኧርል ጊልበርት ደ ክሌር በአንድ ዘመን ነበሩ፦ በ1138 የፔምብሮክ ኧርል ተብሎ በ1148 የሞተው አጎት፣ እና የሄርትፎርድ ኧርል የነበረው የወንድሙ ልጅ። የወንድሙ ልጅ ዘር ሳይተካ ስለሞተ ርስቱን ወንድሙ ሮጀር ወረሰ። በ1176 የሞተውን ሪቻርድ «ስትሮንግቦው»ን ከሄርትፎርዱ ጊልበርት ሥር ያስገባ ሐረግ እዚያው ላይ ተሰብሯል፤ አባቱ የፔምብሮኩ ጊልበርት ነው።

ለመለየት ለእያንዳንዱ ሰነድ አንድ መስመር ያዙና ማዕረጉን፣ የተጠቀሰውን መሬት፣ የሚስቱን ስም፣ አብረውት የቆሙትን ምስክሮች አስፍሩ። መሬቱ ቼፕስቶው ከሆነ ወደ ፔምብሮኩ፣ ክሌር ወይም ቶንብሪጅ ከሆነ ወደ ሄርትፎርዱ ያዘነብላል። ቢያንስ ሁለት ነጥብ ካልተስማማ አታዋህዱ።

ልጅ ከሠርጉ ሰባት ሳምንት በኋላ ተወለደች

የቤቱ የመጨረሻ ኧርል የጊልበርት እህት ኤልዛቤት ደ ክሌር ቴዎባልድ ደ ቨርደንን ያገባችው ፌብሩዋሪ 4፣ 1316 ነው። ባሏ ጁላይ 27፣ 1316 ሞተ። ልጃቸው ኢዛቤላ ማርች 21 ተወለደች፤ በየትኛው ዓመት? በእንግሊዝ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1752 አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ስለነበር፣ በዚያ ስሌት ልደቷ ገና 1316 ውስጥ ነው፤ በዛሬው አቆጣጠር ግን 1317። የሠርጉን ቀን በአዲሱ፣ የልደቱን በአሮጌው ከጻፋችሁ ሐሜት የሚመስል ነገር ይወጣል። በትክክል ስትቆጥሩ ግን ኢዛቤላ አባቷ ከሞተ ስምንት ወር ገደማ በኋላ የተወለደች ሕጋዊ ልጅ ናት። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለውን ቀን ሁሉ በሁለቱም ዓመት ጻፉት፦ 1316/17።

ሰነዶች የሚቆጠሩበት የንጉሥ የንግሥና ዓመትም እንዲሁ ያሳስታል። የኤድዋርድ 2ኛ ዓመት የሚለወጠው ጁላይ 8 ነው። የኤልዛቤት ወንድም፣ የመጨረሻው ጊልበርት፣ በባኖክበርን ጦርነት የተገደለበት ጁን 24፣ 1314 በንጉሡ 7ኛ ዓመት ላይ ሲውል፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ቆይቶ የተጻፈ ትእዛዝ «8ኛ ዓመት» ይላል። የየንጉሡን መነሻ ቀን የያዘ ሠንጠረዥ ከጎናችሁ አይለይ፤ በግምት አትቀይሩ።

የመጨረሻው ጊልበርት እህቶች ሦስት ናቸው ወይስ አምስት?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ምንጫችን የሟች ርስት ምርመራ መዝገብ ነው። መሬት በቀጥታ ከንጉሡ የያዘ ሰው ሲሞት የአካባቢው ሰዎች በመሐላ ምን መሬት እንደነበረው፣ መቼ እንደሞተ፣ ወራሹ ማን እንደሆነና ዕድሜው ስንት እንደሆነ ይናገራሉ። የኤድዋርድ 2ኛ ዘመን መዝገቦች በኪው፣ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በሲ 134 ምድብ ይገኛሉ። መዝገቡ የሚቆጥረው ወራሾችን ነው። ልጆችን ሁሉ አይቆጥርም።

በባኖክበርን የሞተው ጊልበርት ልጅ አልነበረውም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነኝ በማለቷ ክፍፍሉ እስከ 1317 ዘገየ፤ በመጨረሻም ለእህቶቹ ለኤሌኖር፣ ለማርጋሬትና ለኤልዛቤት ሆነ። አባቱ ግን ከመጀመሪያ ሚስቱ ከአሊስ ደ ሉዚንያን ኢዛቤልና ጆአን የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆችም ነበሩት። ያልወረሱት ስላልኖሩ አይደለም። የእናት ልዩነት ያላት እህት ወንድሟን አትወርስም ነበር፤ በዚያ ላይ በ1290 ርስቱ ከአባቱ ሁለተኛ ሚስት፣ ከንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ልጅ ከጆአን ለሚወለዱት እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ከቴዎባልድ ደ ቨርደን ጋር አነጻጽሩት፦ የእሱ አራት ሴቶች ልጆች ከሁለት እናት ቢሆኑም ሁሉም ወረሱ፤ ምክንያቱም የወረሱት አባታቸውን እንጂ ወንድማቸውን አይደለም። ኢዛቤላ ከመወለዷ በፊት የተደረገ ምርመራ ላይ ስሟን ብትፈልጉ ግን አታገኙትም።

መፍትሄው ከወራሾቹ ዝርዝር ጎን የጋብቻ ውሎችንና ለገዳማት የተሰጡ የስጦታ ሰነዶችን ማየት ነው፤ መሬት ያልደረሳቸው ልጆች የሚገኙት እዚያ ነው።

ዕድሜውንም ቃል በቃል አትውሰዱት። «21 ዓመትና ከዚያ በላይ» ማለት አካለ መጠን ደርሷል ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሁለት አውራጃ መልስ ሲለያይ፣ ካለ፣ በምስክር የተደገፈውን የዕድሜ ማረጋገጫ አስቀድሙ።

አንዲት ሴት ሦስት ሆነች

ኤልዛቤት ደ በርግን፣ ደ ቨርደንንና ዳሞሪን በየተራ አግብታለች፤ ከየባሏም ልጅ ወልዳለች። ነገር ግን እስከሞተችበት 1360 ድረስ በመጀመሪያ ባሏ ስም ኤልዛቤት ደ በርግ ተብላ ትጠራ ነበር። ዛሬ የካምብሪጅ ክሌር ኮሌጅ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ለመበለት የሚገባውን ሲሶ መሬት ተከታተሉ፤ ከባል ወደ ባል ይዛው ትሄዳለች፣ ስትሞት ደግሞ ወደ ሟቹ ባል ወራሽ ይመለሳል።

ሐረጉ እስከ ሮማ ቄሳሮች ይወጣል

ያ ክፍል ከኋለኛ ዘመን የተቀጠለ ነው፤ ቁረጡት። በተለይ ከ1530 ጀምሮ የዓርማ ሹማምንት እየዞሩ የመዘገቡት ሐረግ ባለቤቱ ለራሱ የተናገረውን ጭምር ይዟል፤ ለቅርብ ትውልድ ይጠቅማል፣ ለ11ኛው ክፍለ ዘመን ግን ማስረጃ አይሆንም። በወርቅማ መደብ ላይ ያሉት ሦስት ቀይ ጣሪያ መሰል መስመሮች የክሌር ዓርማ ቢሆኑም ተመሳሳይ ዓርማ መያዝ ዝምድናን አያረጋግጥም፤ ጭፍሮችና ጭሰኞችም ከጌታቸው ዓርማ ይወስዱ ነበር። ለደ ክሌሮች የሚታመነው መስመር ከ1086ቱ የእንግሊዝ የመሬት ቆጠራ፣ ከዱምስዴይ መዝገብ ላይ ካለው ከሪቻርድ ወደ አባቱ ወደ ብሪዮኑ ካውንት (የኖርማንዲ መኳንንት ማዕረግ) ጊልበርት፣ ከእሱም ወደ ጎድፍሬይ፣ ከጎድፍሬይ ወደ ኖርማንዲው መስፍን ሪቻርድ 1ኛ ይወጣል። ጎድፍሬይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ስለሆነ በሐረጉ ላይ ይህንኑ ጻፉ፤ የእናቱን ቦታ ያለ ሰነድ አትሙሉት።