ጃቫስክሪፕት የሚሹ ገጾችን በጽሑፍ ብቻ በሚሠራ ማሰሻ ለማንበብ

እንደ ሊንክስና ደብሊው-ስሪ-ኤም (w3m) ያሉ በጽሑፍ ብቻ የሚሠሩ ማሰሻዎች ጃቫስክሪፕትን፣ ማለትም በድረ ገጾች ውስጥ የሚሠራውን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ስለማያስኬዱ፣ ይዘታቸው በስክሪፕት የሚሞላ ገጾች ባዶ ሆነው፣ ወይም «እባክዎ ጃቫስክሪፕትን ያብሩ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይዘው ይቀርባሉ። መፍትሔው ሥራውን ለሁለት ማካፈል ነው፦ ክሮሚየም የተባለውን ማሰሻ በሄድለስ (--headless) ሁነታ፣ ማለትም መስኮት ሳይከፍት፣ «ደምፕ-ዶም» (--dump-dom) ከሚለው አማራጭና ከገጹ አድራሻ ጋር ከተርሚናል (ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) ያስነሡትና ውጤቱን በፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው በሚያስተላልፈው የ«|» ምልክት) ወደ ደብሊው-ስሪ-ኤም ይላኩት። ለዚህኛውም የሚቀበለው ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ኮድ) መሆኑን በትልቁ የ«ቲ» አማራጭ (-T text/html) ይንገሩት፤ አለዚያ ኮዱን እንዳለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይዘረግፈዋል። ዘዴው የሚሠራው ክሮሚየም የሚያወጣው ከሰርቨሩ የመጣውን ባዶ ማዕቀፍ ሳይሆን ስክሪፕቱ ከሠራ በኋላ የተሞላውን ገጽ በመሆኑ ነው። ይዘቱ ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ «ቨርቹዋል-ታይም-በጀት» የሚለውን የክሮሚየም አማራጭ በሚሊሰከንድ፣ ለምሳሌ 5000 ብለው (--virtual-time-budget=5000) ይጨምሩበት።

ይህ ለንባብ ብቻ የሚሆን ዘዴ ነው። ደብሊው-ስሪ-ኤም ገጹ ከየት እንደመጣ ስለማያውቅ ሙሉ አድራሻ ያልተጻፈላቸው ሊንኮች አይከፈቱም፤ የይለፍ ቃል ለሚጠይቁ ገጾችም አይበጅም። ክሮሚየም ሜሞሪ በብዛት ስለሚወስድ አነስተኛ አቅም ባለው ሰርቨር ላይ ባይሞክሩት ይመረጣል።