መስቀለኛ መንገድ ሲታደስ በክልል ከተሞች የሚደጋገሙ ስህተቶች

ዲዛይን ልገመግም በተቀመጥኩ ቁጥር የመጀመሪያው ስላይድ ያው ነው፤ በኮምፒውተር የተሳለ ተሻጋሪ ድልድይ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ሣር፣ በላዩ ተራርቀው የሚነዱ የቤት መኪናዎች። ባጃጅ የለም። ጋሪ የለም። ጥግ ይዛ በቆሎ የምትጠብስ ሴት የለችም። ሥዕሉ ያምራል፤ ከተማዋ ግን የለችበትም።

ከዚህ በታች የማነሳቸው ዋና መንገድ ሰንጥቋቸው በሚያልፉ ከተሞች መስቀለኛ፣ አደባባይ ወይም ማሳለጫ ሲታደስ ደጋግሜ ያየኋቸውን ነው። የሌይን አቅም ስሌትማ ትምህርት ቤት የጨረሳችሁት ስለሆነ አልገባበትም።

ከድልድይ መጀመር

ምክር ቤቱ "እኛም እንደ ጎተራ ያለ ማሳለጫ ይሠራልን" ይላል፤ አማካሪውም እሺ ይላል። ጎተራ ቀኑን ሙሉ ከየአቅጣጫው መኪና የሚጎርፍበት የአዲስ አበባ ማዕዘን ነው። የእናንተ ከተማ ጭንቅንቅ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምርና ተማሪው ክፍል ሲገባ ይበተናል።

አሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ስፕሪንግፊልድ የምትባል መካከለኛ ከተማ አለች። ኢንተርስቴት 44 የሚባለው ፈጣን መንገድ ከከተማዋ ዋና ጎዳና ጋር የሚገናኝበት ማሳለጫ መላወሻ አሳጥቷት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ነባሩን ድልድይ ሳያፈርሱ በላዩ የሚያልፉትን የሁለቱን አቅጣጫ መኪናዎች ጎን አቀያየሩ። መኪናዎቹ ድልድዩ ጫፍ ላይ በመብራት ተጠላልፈው በግራ በኩል ይሻገራሉ፤ ማዶ ሲደርሱ ደግሞ ወደ ቀኛቸው ይመለሳሉ። ወደ ግራ ታጥፎ ፈጣኑን መንገድ የሚይዝ ሾፌር ከፊት የሚመጣውን መጠበቅ ቀረለት። በተለመደው የዳይመንድ ማሳለጫ (መግቢያና መውጫዎቹ የአልማዝ ቅርጽ በሚሠሩበት) የመኪኖች መስመር የሚገናኝባቸው 26 ነጥቦች በዚህኛው ወደ 14 ይወርዳሉ። ፈረንሳዮች ይህን ዘዴ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቬርሳይ አካባቢ ይጠቀሙበት ነበር፤ ለአሜሪካ ግን የመጀመሪያው ይኸው ነበር።

ቅዱት አላልኩም። የመንገድ ቀለም በአንድ ክረምት በሚጠፋበት አገር ሾፌርን በግራ አስነድቶ በሰላም ማሳለፍ ከባድ ነው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ቅደም ተከተሉን ነው፤ መጀመሪያ የትኛው መታጠፊያ ሌላውን እንደሚያግት ለዩ፣ ከዚያ ባለው ድልድይ ላይ መላ ፈለጉ።

በተራ ቀን መቁጠር

መኪናውን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቁጠሩ የሚለው መመሪያ የገበያ ቀንን አያውቅም። ቅዳሜ የሚገበይ ከተማ ቅዳሜም ይቆጠራል። አለቀ።

ተሳፋሪው የት እንደሚወርድ አለመሳል

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ከአገር አቋራጭ የመጣ ሚኒባስ አደባባዩ አፍ ላይ ሲደርስ "ወራጅ አለ!" ይባላል፣ ረዳቱ በሩን ይከፍታል፣ ሰውየው ከነሻንጣው ይወርዳል። እሱን የሚጠብቁ አምስት ባጃጆች አፍንጫቸውን አስገብተው ተደርድረዋል። በወረቀት ላይ ሁለት ሌይን የነበረው መውጫ አሁን አንድ ነው። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ቆሞ ይጠብቃል፤ አደባባዩ ውስጥ ያለው እሱን ይጠብቃል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አራቱም አቅጣጫ ተቆልፏል። ይህን ስናገር የማገኘው መልስ "እሱ የአፈጻጸም ጉዳይ ነው፣ ትራፊክ ፖሊስ ይቆጣጠረዋል" የሚል ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ምሳ ሲበላስ?

አንድ ከተማ ላይ የሱቆቹ በረንዳ ፈርሶ፣ ካሣ ተከፍሎ መውጫው ከሁለት ወደ ሦስት ሌይን ሰፋ። መንገዱ ሥራ እንደጀመረ ሦስተኛውን ሌይን ባጃጆች ተረከቡት። "መቆም ክልክል ነው" የሚል ምልክት ተተከለ። ትንሽ ቆይቼ ሳልፍ ሊስትሮው የምልክቱ ብረት ላይ ጃንጥላውን አስሮ ጫማ ይጠርጋል፤ ደንበኞቹም ተራቸውን የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው።

ሰው እዚያ የሚወርደው ሁለት መንገድ የሚገናኘው እዚያ ስለሆነ ነው። ከአንዱ ወርዶ ሌላውን መያዝ አለበት፤ በምልክት አታስቀሩትም። ስለዚህ ቦታ ስጡት። የሚኒባሱን መቆሚያ ከመውጫው ከ40 እስከ 50 ሜትር አሳልፋችሁ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ ቅረጹለት፤ ከመግቢያው በፊት ከሆነ ግን ሰልፉን እናንተው ፈጠራችሁት። የባጃጅ ተራ በጎን መንገዱ ላይ ይሁን፤ በመካከሉ ሰው ጭቃ ሳይረግጥ የሚሄድበት የእግር መንገድ ይኑር፤ አለዚያ ባጃጁ ተሳፋሪውን ተከትሎ ይመለሳል። የት ይሁን ለሚለው ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ ከተራ አስከባሪው ጋር ቁሙ። ማን ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ከማንኛውም ቅጽ በተሻለ ይነግራችኋል፤ ሻይ ካዘዛችሁለት ደግሞ የትኛው ሾፌር መስመር እንደሚሰብርም ይጨምርላችኋል።

አደባባይ በሰፋ ቁጥር ይሻላል ማለት

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ አደባባይ የሚገባ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይስጥ ብለው ከደነገጉ ወዲህ ትልቅ ክብ አስፈላጊነቱ ቀንሷል። አራት መንገድ የሚገናኝበት መስቀለኛ 32 የግጭት ነጥብ፣ ማለትም የመኪኖች መስመር የሚገናኝበት ቦታ፣ አለው፤ ባለ አንድ ሌይን አደባባይ 8። ሁለተኛና ሦስተኛ ሌይን ስትጨምሩ ቁጥሩ ተመልሶ ያድጋል፣ ከውስጠኛው ሌይን በቀጥታ ቆርጦ የሚወጣውም ይበዛል። በኢንዲያና ግዛት ያለችው ካርሜል 100,000 ገደማ ሕዝብ ይዛ ከ150 በላይ አደባባዮች አሏት። ኪስቶን በሚባለው ዋና መንገዷ ላይ መብራቶቹን አንስተው መንገዱን ከሥር አሳለፉት፣ ከላይ ግራና ቀኝ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላቸው አደባባዮች ሠሩ። ታጣፊው ድልድዩ ላይ ተሰልፎ ስለማይጠብቅ ድልድዩም ጠባብ ሆኖ ይበቃል። በርግጥ ካርሜል ውስጥ ፍየል የሚነዳ የለም።

መሃሉ ላይ ጀበና ወይም ሐውልት ቢቆም አልቃወምም፤ ማዶውን ስለሚከልል ሾፌሩ ቀዝቀዝ ብሎ ይገባል። ወንበርና ፏፏቴ አድርጋችሁ ፎቶ የሚነሳ ሰው ስትጠሩበት ግን፣ ሙሽሮችን ጨምሮ፣ ያለ ዜብራ የሚያቋርጥ እግረኛ ታመጣላችሁ።

አደባባዩን አፍርሶ መብራት መትከል

ያውም ለአራቱም አቅጣጫ ለየብቻ ተራ ሰጥቶ። ተራ በተቀየረ ቁጥር 4 ሰከንድ ያህል ማንም ሳያልፍበት ይባክናል። አራት ተራ በ60 ሰከንድ ዙር ውስጥ ካስገባችሁ 16 ሰከንድ ሄደ፤ ከሩብ በላይ ማለት ነው። ዙሩን ስታስረዝሙት ደግሞ እግረኛው ይሰለቸውና በቀይ ይገባል። አንዱ መንገድ ከሌላው እጅግ በሚበዛበት ቦታ መብራት ያዋጣል፤ አደባባይ ቢሆን ብዙው ትንሹን ፋታ ያሳጣዋልና። መብራት ኃይል ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ያልተጻፈበት ዲዛይን ላይ ግን አልፈርምም።

ከባድ መኪናን መርሳት

ሞጆ ላይ ቆሞ ያየ ሰው አይረሳውም። ደረቅ ወደቡ እዚያ ነው፣ የሐዋሳውም መንገድ ከዚያ ይገነጠላል። ኮንቴይነር የጫነ ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ጎማ መስመር አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ከርቡን (የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ) ይሰብራል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ጥጉን ሁሉ ያሰፋሉ፤ ከዚያ ባጃጁም ሳይቀዘቅዝ ይታጠፍበታል። በአደባባዩ ደሴት ዙሪያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ቀለበት ሥሩ። የከባዱ ጎማ ይወጣበታል፤ ትንሹ መኪና ስለሚንጠው ይሸሸዋል።

የእግረኛ ድልድይ አትሥሩ፣ ማንም አይወጣበትም፤ ዜብራውን ሰው በሚሄድበት መስመር ላይ አድርጉት። መንገዱ ሲሰፋ የድሮውን ቱቦ እንዳለ ከተዋችሁት በሐምሌ አንዱ ሌይን ኩሬ ነው፣ ሾፌር ደግሞ ኩሬ ውስጥ አይነዳም።

ሰልፉን ወደሚቀጥለው መገናኛ መግፋት

ቢያንስ በሁለቱም አቅጣጫ እስከሚቀጥለው መስቀለኛ ድረስ ለኩ። አንድ ቦታ አደባባዩ በሚገባ ተሠርቶ፣ ሪባን ተቆርጦ መኪናው በነፃነት መፍሰስ ሲጀምር ሰልፉ መናኸሪያው በር ላይ ተፈጠረ። አውቶቡሶቹ ወደ ኋላ እየሄዱ በአንድ በር ይወጡና ይገቡ ነበር፤ ቀድሞ አደባባዩ መኪናውን ያዝ ስለሚያደርግላቸው ክፍተት ያገኙ ነበር፣ አሁን ግን ክፍተት የለም። መውጫውን ወደ ኋለኛው መንገድ ማዞር ከሥራው ሁሉ ርካሹ ይሆን ነበር። በሩ ከፕሮጀክቱ ወሰን ትንሽ ወጣ ብሎ ስለነበር ሰርቬየሩ እዚያ ድረስ አልሄደም።