የስዕል ክፍለ ጊዜን የሚያበላሹ ስህተቶች

ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚነጠቀው የስዕል ክፍለ ጊዜ ነው። እዚህ ሰሜን ሸዋ ደብረ ብርሃን ሂዱ፣ መሐል ሜዳ ሂዱ፣ ያው ነው። "የክወናና እይታ ጥበባት" ተብሎ ፕሮግራሙ ላይ ይለጠፍና ሰዓቱ ሲደርስ ሒሳብ ይገባበታል፤ ሒሳብ ካልገባ ደግሞ ልጆቹ "ዝም ብላችሁ የፈለጋችሁትን ሳሉ" ይባሉና መምህሩ ማርክ ይሞላል። ከሁሉም የሚከፋኝ ስህተት ይሄ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሲስል ያየውን ያስታውሳል፣ የቱን እንደሚያስቀድም ይወስናል፣ ወረቀቱን ያከፋፍላል። እጁም ይገራል። ክብና ቅስት የለመደ እጅ ፊደሉን ከነሰባት ቅርጹ ሲጽፍ ያን ያህል አይቸገርም።

ሌላው ማስገልበጥ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ቤት፣ ባንዲራና አበባ ይስላል፤ ክፍሉ ሙሉ ያንኑ ይገለብጣል። በቃ፣ ሁሉም ደብተር ላይ አንድ ዓይነት ቤት! ከዚህ ይልቅ "ትናንት ማታ ቤታችሁ ውስጥ ማን ምን ይሠራ ነበር?" ብላችሁ ጠይቋቸው። የመንዝ ልጅ የድንጋይ ቤቱን ይስልላችኋል፤ ግን ግድግዳው እያለም ውስጡ ሁሉ ይታያል፦ ምድጃው፣ ጀበናው፣ ጥግ ላይ የተኛችው ጊደር፣ ከሁሉ ገዝፋ ደግሞ እናቱ።

ታዲያ እዚህ ላይ "እናትህ ከቤቱ ትበልጣለች እንዴ?" የሚል መምህር አለ፤ በቀይ እስክርቢቶ የሚያርምም አለ። እባካችሁ ተዉ። በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚስለው የሚያውቀውን ነው፤ እሱ ዘንድ ትልቅ የሆነውን ያገዝፈዋል። የትም አገር ያለ ልጅ የሚያልፍበት ደረጃ ነው። "እስቲ ስለዚህ ንገረኝ" በሉትና አድምጡት።

ዘጠኝ አሥር ዓመት ሲሞላቸው ነገሩ ይለወጣል። "እውነተኛውን አይመስልም" እያሉ ያጠፋሉ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ ላጲስ ያሻሉ፣ "እኔ አልችልም" ይላሉ። ብዙ ሰው ስዕል የሚተወው እዚህች ጋ ነው። ያን ጊዜ የአንዱን ጎበዝ ሥራ ብቻ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሌሎቹን ሞራል ይገድላል። "ጎበዝ፣ በርታ" ማለትም አይበቃም፤ ዘዴ ነው የሚፈልጉት። የሩቅ ነገር ለምን እንደሚያንስና እንደሚደበዝዝ አሳዩዋቸው። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቁልቁል ቆላውን ያየ ልጅ ቶሎ ይገባዋል።

"ቀለም የለንም" የሚለው ሰበብ ደግሞ አለ። ባለ ቀለም እርሳስ ውድ ነው፣ እውነት ነው። ከሰል ግን በየቤቱ አለ። ቀይ አፈር በደንብ ነፍታችሁ በቀጭን የዱቄት ሙጫ ብትለውሱት ካርቶን ላይ ይይዛል፤ እርድ ቢጫ ይሰጣችኋል። የመንዝ በግ ጠጉር ደግሞ ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ቡናማውም ሳይነከር ካርቶን ላይ ተለጥፎ የሚያምር ሥራ ይወጣዋል።

በዚያው ልክ የሚያሳዝነኝ ባለሙያውን ከደጅ ማስቀረት ነው። ጠጉር በእንዝርት የሚፈትሉ እናቶች፣ ባና የሚሸምኑ አባቶች ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ አሉ። አንዲት እናት ወስፌና አለላ ይዘው ክፍል ቢገቡ፣ ሰፌዱ ላይ ጥለቱ ዙሩን ጠብቆ እንዲገጥም እንዴት እንደሚቆጥሩ ልጆቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። ሒሳብም እኮ ነው!

ወላጆችም አላችሁ፣ ልጁን "ደብተርህን በስዕል ጨረስክ" ብላችሁ የምትቆጡ። ቁጣውን ትታችሁ በአንድ በኩል የተጻፈበት ወረቀት ስጡት። "ስዕል እንጀራ አይሆንም" ለምትሉም አንድ ነገር ላንሳ፦ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለደው እዚሁ አንኮበር ነው፣ በ1925 ዓ.ም.። እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ወደ ስዕል ዞረ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም የመስታወት ሥራ የእሱ ነው። ልጃችሁ ሁሉ ሠዓሊ ይሆናል አላልኩም። ግን በሩን አትዝጉበት።

የመጨረሻው፣ ስዕሉን መጣል። ከጀርባው ስምና ቀን ጽፋችሁ ካርቶን ውስጥ አኑሩት። ሰኔ ላይ ወላጅ ውጤት ሊወስድ ሲመጣ የመስከረሙንና የግንቦቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አሳዩት።